ፋብሪካው ያላሸነፈው ጋን፦ የቤት ጠመቃ ታሪክ በካዛንቺስና በቂርቆስ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መድረክ የቀረበ)



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ፈገግ ያሉ እንደነበሩ ሰምቻለሁ። የታሪክ መምህር ስለ ዐዋጅ፣ ስለ ውልና ስለ ጦር ሜዳ ሲናገር መስማት የለመደ ሰው፣ ስለ ጠላ ሲነሣ ቀልድ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ሆኖም አንድ ኅብረተሰብ ለዘመናት በየቤቱ ሳያቋርጥ ሲሠራው የኖረ ነገር ካለ፣ የታሪክ ማስረጃነቱ ማኅተም ካረፈበት ደብዳቤ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቢራ ፋብሪካ ከተተከለ መቶ ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ዘመን የቤት ጠመቃ ለምን አልጠፋም? ዛሬስ በእርግጥ የሚያሰጋው ምንድን ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ጠላን ያቆየው ግቢው ነው፤ የሚያሰጋውም የግቢው መጥፋት እንጂ የጠርሙስ ቢራ ፉክክር አይደለም። ይህን በካዛንቺስና በቂርቆስ ሰፈሮች ታሪክ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ጠመቃ ምን ዓይነት ሥራ ነው?

መጠጡ ብዙ ስም አለው። በአማርኛ ጠላ፣ በትግርኛ ስዋ፣ በአፋን ኦሮሞ ፋርሶ ይባላል። በጎንደር አካባቢ ኮረፌ፣ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ቦርዴና ሻሜታ የዚሁ ሰፊ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በመካከላችን ጠላ ሲጠጣ እንጂ ሲጠመቅ ያላዩ ወጣቶች ስላሉ፣ ሂደቱን በአጭሩ ልግለጽ።

መጀመሪያ ብቅሉ ነው። ገብስ ወይም ስንዴ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖና ክብደት ተጭኖበት እስኪያቆጠቁጥ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ከዚያም ተሰጥቶ ሲደርቅ ይፈጫል። ጌሾው፣ ቅጠሉም እንጨቱም፣ ደርቆ ይወቀጣል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ ከውኃና ከብቅል ጋር ተዋሕዶ ለጥቂት ቀናት ሲቀመጥ ጥንስስ ይሆናል። በጥንስሱ ላይ ቂጣ እየተቆራረሰ፣ በምጣድ የታመሰው እንኩሮም እየተጨመረ ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውኃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ ይመረጋል። ከብቅሉ እስከ ዋንጫው ያለው ጊዜ ሲደመር ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ሳይጠልል የሚጠጣው ጉሽ፣ በጨርቅ ተጠልሎ ጠንከር የሚለው ፊልተር፣ ከተቀዳ በኋላ በድፍድፉ ላይ ዳግመኛ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቅራሪ ይባላል፤ የቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል። የተለመደው ጠላ የአልኮል መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ የፊልተሩ ደግሞ ከ5 እስከ 6 በመቶ ነው።

ከዚህ ሂደት ሁለት ነገሮችን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ጠመቃ በአንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ሳይነካና ሳይንቀሳቀስ ለሳምንታት የሚቆይበት ቦታ ይፈልጋል። ሁለተኛው፣ ጠላ አንዴ ከተከፈተ በጥቂት ቀናት ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ ቶሎ የሚጠጣው ሰው በቅርብ መገኘት አለበት። ቦታና ጎረቤት ያልኳቸው እነዚህ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች የንግግሬ ምሰሶዎች ናቸው።

ከቤተ መንግሥቱ ግብር እስከ ሰፈሩ ጣሳ

በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከማር ስለሚጣለውና ከገብስ ስለሚጠመቀው መጠጥ ጽፏል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ከጤፍ የሚሠራ፣ ቢራ የሚመስል መጠጥ ገልጿል። እነዚህ መንገደኞች መጠጡን አይተዋል፤ ጠማቂዋን ግን እምብዛም አላነጋገሯትም። የታሪካችን ጽሑፍም ለረጅም ጊዜ የእነርሱን ዓይን ወርሶ ቆይቷል።

አዲስ አበባ በ1886 እ.ኤ.አ. ስትቆረቈር የከተማዋ እምብርት ግቢው ነበር። በግብር ቀን ብዙ ሺሕ ሰው የሚያስተናግደው የምኒልክ ቤተ መንግሥት የራሱ ጠማቂዎች፣ የራሱም አሳላፊዎች ነበሩት። ጠጁ በማዕረግ ይታደል ነበር፤ ጠላው የሠራዊቱና የብዙኃኑ መጠጥ ነበር። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቅምሻ የራሱ ቦታ ነበረው። አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ አንጠብጥቦ ይቀምስ ነበር። ዛሬ «ቅምሻ» ስንል ጣዕም መመዘንን እናስባለን። ያኔ መጠጡ መርዝ የሌለበት መሆኑን በራስ ሕይወት ማረጋገጥ፣ ማለትም የመተማመን ማኅተም ነበር።

ካዛንቺስ ከዚሁ ቤተ መንግሥት ግርጌ ያለ ሰፈር ነው። ስሙ ከጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ካለው ጊዜ የመጣ ነው። ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም አሕጽሮተ ስሙ «ኢንቺስ» ነበር፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። የሰፈሩ ሰው ይህን ስም በራሱ አንደበት አለዝቦ ካዛንቺስ አደረገው። ከነጻነት በኋላ በእነዚያ ቤቶች ዙሪያ የጭቃ ቤቶች እየተጠጋጉ ተሠሩ፤ አንድ በር፣ አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ ማጀት የሚጋሩ ግቢዎች ተፈጠሩ። በ1958 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ጽሕፈት ቤቱን በአቅራቢያው አደረገ፤ የአፍሪካ አዳራሽም በ1961 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ዲፕሎማቶች ከሚሰበሰቡበት አዳራሽ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ጠላ ቤቱን ያመለክት ነበር። ማንበብ የማይችለውም እንግዳ ያንን ምልክት ያነብ ነበር።

ከጣሳው በስተጀርባ ያለችው ሴት ብዙ ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣች ናት። አንዷ ከትዳር ተፋታ፣ ሌላዋ ባሏ ሞቶባት ወይም ርስት ተከልክላ ወደ ከተማ ስትገባ፣ ይዛው የመጣችውና ማንም ሊነጥቃት ያልቻለው ሀብት የእጇ ሙያ ነበር። ጌሾ ሲወቀጥ ማንም ሳይመጣ፣ ጠላው ሲደርስ ግን ሁሉም እንደሚመጣ የሚሳለቅ የቆየ አነጋገር አለን። በእኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ የማይታይ ድካም ትርጓሜ በማኅበራዊ ሳይንስ መጻሕፍት አላጋጠመኝም።

የቂርቆስ ሰፈር ለዚህ ታሪክ ሌላ ገጽ ይጨምርበታል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወር በገባ በ15 የቂርቆስ፣ በሌሎቹም ቀናት የሌሎቹ ቅዱሳን ማኅበርተኞች በየተራ ጽዋ ያወጣሉ። ማኅበር ማለት ለጠላ የተሠራ የጊዜ ሰሌዳ ነው ማለት ይቻላል፤ መቼ መጠንሰስ እንዳለበት፣ ስንት እንስራ እንደሚያስፈልግ፣ ማን ጌሾ እንደሚወቅጥና ማን ጋን እንደሚያውስ ይወስናል። ስለዚህ ጠመቃ ከጠላ ቤቱ ገበያ ውጭም ጸንቶ የቆመበት ሁለተኛ እግር ነበረው።

ለሰፈሩ መቆየት አንድ የሕግ ምክንያትም አለ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ዐዋጁ ስለ ጠላ ያሰበው ነገር አልነበረም። ውጤቱ ግን በዝቅተኛ ኪራይ የሚኖሩባቸው የቀበሌ ቤቶች ለአራት ዐሥርት ዓመታት በከተማዋ እምብርት እንዲቆዩ ማድረግ ነበር። አቅም የሌላት ጠማቂ ከገበያዋና ከማኅበሯ ሳትርቅ የኖረችው በዚህ ምክንያት ነው።

የጠርሙሱ ዘመን

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ ለብዙ ዘመንም ከካዛንቺስ ብዙ በማይርቀው በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ሲሠራ ኖረ። በአብዮቱ ጊዜ ተወረሰ፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ተሸጠ። ሌሎችም ፋብሪካዎች ተከተሉ፦ ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሸን። በ2011 እ.ኤ.አ. ሐረርና በደሌ ወደ ሄኒከን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ሜታ ወደ ዲያጂዮ እጅ ገቡ። ፋብሪካዎቹ የአርሲን ገብስ ተጠቀሙ፤ ጌሾን ግን አልወሰዱም። የቢራቸው መራራነት ከባሕር ማዶ ከሚመጣ ሆፕ የሚገኝ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ አገር የሆነውን እናስተያይ። የታሪክ ምሁሯ ጁዲት ቤኔት እንዳሳየችው፣ በ1300 እ.ኤ.አ. ገደማ በዚያ አገር ጠመቃ በአብዛኛው የሴቶች የቤት ሥራ ነበር፤ በ1600 ግን ወደ ወንዶች እጅ አልፎ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ሆፕ ነው። ሆፕ የገባበት ቢራ ሳይበላሽ ይቆያል፤ የሚቆይ ነገር ይጓጓዛል፤ የሚጓጓዝ ነገር ትልቅ ጋን፣ ትልቅ ካፒታልና የነጋዴ ማኅበር ይስባል። ሴቷ እነዚህን ለማግኘት በሩ ዝግ ነበር።

የእኛ ጠላ በዚህ መንገድ አልሄደም። ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ርቆ መሄድ አይችልም፤ ርቆ ስለማይሄድ ትልቅ ባለሀብት አልፈለገውም፤ ባለሀብት ስላልፈለገው በጠማቂዋ እጅ ቀረ። ድክመቱ የመሰለን ነገር ጋሻው ነበር ማለት ነው። ፋብሪካው ባለ ደመወዙን ጠጪ ወሰደ፤ ማኅበሩን፣ ሠርጉን፣ የቀን ሠራተኛውን ምሽት ግን ሊወስድ አልቻለም።

በምዕራቡ ዓለም «ክራፍት ቢራ» የሚባለው እንቅስቃሴ በዚህ አንጻር ሲታይ ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጣል። በአሜሪካ የቤት ቢራ ጠመቃ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ በየማድ ቤቱና በየጋራዡ የጠመቁ ሰዎች ናቸው አነስተኛ ቢራ ፋብሪካዎችን የከፈቱት። እነርሱ ፋብሪካ ያጠፋውን የቤት ሙያ ከመጽሐፍ እያነበቡ መልሰው ገነቡት። እኛ ዘንድ ሰንሰለቱ ገና አልተበጠሰም።

አራት ዋንጫ በአንድ ጠረጴዛ

ነገሩን ከጣዕም አንጻር ለመፈተን የረዳኝ ወዳጄ አለ። ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ካዛንቺስ ተወልዶ አድጎ ዛሬ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ትንሽ ጓሮ ባላት ቤት ይኖራል። ሁለታችንም በቤታችን እንጠምቃለን፤ እርሱ በትጋት፣ እኔ በትርፍ ጊዜዬ። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት አራት መጠጥ በጠረጴዛ ደርድረን፣ በየተራ እየቀመስን ማስታወሻ ያዝን።

የመጀመሪያው የእናቱ ጠላ ነው፤ ቀለሙ ቡና የሚመስል፣ በመጀመሪያ ጭሱ፣ ቀጥሎ የታመሰው እንኩሮ፣ በመጨረሻ የጌሾው ምሬት የሚመጣ። ሁለተኛው ከዚያው ጋን የተጠለለ ፊልተር ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ግን ጉልበቱን ቆይቶ የሚያሳይ። ሦስተኛው ወዳጄ ከውጭ በመጣ ሆፕና እርሾ የጠመቀው፣ በጠርሙስ የታሸገ ቢራ ነው፤ አረፋው ነጭ፣ ሽታው አበባ አበባ የሚል። አራተኛው የእርሱ ሙከራ ነው፦ ብቅሉና አሠራሩ የሦስተኛው ሆኖ፣ በሆፕ ፋንታ ጌሾ የገባበት። ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጌሾ ቅጠል ለይተው «ጌሾይዲን» ያሉትን መራራ ንጥረ ነገር ወዳጄ በፍቅር ያነሣዋል። ሐሳቡም ግልጽ ነበር። መራራው ጌሾ ከሆነ ጠላነቱ በውስጡ ይኖራል የሚል ነበር።

አራተኛውን እኔ ወደድኩት። ምሬቱ ከሆፕ ይልቅ ደረቅና ሥራ ሥር የሚል ነበር፤ በየትኛውም አገር የቢራ ውድድር ላይ ቢቀርብ አያሳፍርም። ከሰማንያ ዓመት ያለፉት እናቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጎንጨት አድርገው ዋንጫውን መለሱ።

«እማማ፣ እንዴት አገኙት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጌሾው አለ፤ ጋኑ የለም» አሉኝ።

ወዳጄ የጠመቀው በብረት ድስትና በፕላስቲክ በርሜል ነበር። እርሳቸው ይህን አላዩም፤ በምላሳቸው ዐወቁት። የጎደለው ጭሱ ብቻ አልነበረም። ጠላ ከሱቅ የተገዛ እርሾ ሳይገባበት ነው የሚቦካው፤ እርሾውና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያው ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከዕቃው ነው የሚመጡት። የሸክላው ቀዳዳ የዓመታትን ጭስና ጥንስስ ይዞ ይቆያል። የጠማቂዋ ዕውቀት ግማሹ በእጇ፣ ግማሹ በጋኗ ተጽፏል ማለት ነው። የአሠራሩን ዝርዝር በወረቀት ብናሰፍር፣ የያዝነው ግማሹን ብቻ ነው።

ጋኑ የት ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ወደ ዛሬው ሁኔታ እመጣለሁ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የቀድሞው ካዛንቺስ ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪው ወደ ተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ። የወዳጄ እናትም ከተዛወሩት አንዷ ናቸው። ዛሬ የሚኖሩት በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ውኃና መጸዳጃ አለው፤ በክረምት ጣሪያው አያፈስም። እርሳቸውም ይህን አይክዱም። ሆኖም ጋናቸው በደረጃው አልወጣም። ወይራ ቢያጤሱ ጎረቤት ይታፈናል። ለማኅበራቸው ሲጠምቁ በታክሲ ተሳፍረው ወደ ልጃቸው ጓሮ ይመጣሉ። ያ ጓሮ እስከ መቼ እንደሚቆይ ደግሞ እርሱም አያውቅም።

የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ነዳፊዎቹ ስለ ባህላችን ጨርሶ አላሰቡም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። በየግቢው ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ የሚያገለግሉ የጋራ ሕንጻዎች ተሠርተዋል። እንጀራ ግን በሰዓታት ይጋገራል፤ በሬም በአንድ ጠዋት ይታረዳል። በጋራ ቤት ለሰዓታት ተራ መያዝ ይቻላል። ጠመቃ የሚጠይቀው ሁለት ሦስት ሳምንት ማንም የማይነካው ጥግ ነው። የጋራ ሕንጻው ያላስተናገደው ይህን የጊዜ ርዝመት ነው።

ጎረቤቱም አብሮ ተበትኗል። ጌሾ የምትወቅጠው አንዲት ሰፈር፣ እንስራ የምታውሰው ሌላ ሰፈር፣ ማኅበርተኛው ሦስተኛ ሰፈር ሲደርስ፣ ቶሎ የሚኮመጥጠው ጠላ በቅርብ የሚጠጣው ሰው ያጣል። ቅድም ጋሻ ያልኩት ባሕርይ አሁን ይገለበጣል፤ ርቆ መሄድ አለመቻሉ ለመቶ ዓመት ከፋብሪካው አዳነው፤ ዛሬ ግን ሰዎቹ ሲርቁ አብሯቸው መሄድ አይችልም።

ይህን ስል ያለፈውን እያስጌጥኩ እንዳይመስልብኝ እፈልጋለሁ። የጠላ ሻጭ ሕይወት ቀላል አልነበረም። ጭስ ዓይንን ያጠፋል፣ ጋን ወገብን ይሰብራል፣ የሰከረ ደንበኛ ክብርን ይደፍራል። ብዙዎቹ ጠማቂዎች ልጆቻቸውን ያስተማሩት ይህን ሥራ እንዳይወርሱ ነው። ወዳጄ ራሱ የኬሚስትሪ መምህር የሆነው በጠላ ገንዘብ ተምሮ ነው። በመካከላችሁም እንደዚህ የተማራችሁ እንዳላችሁ አልጠራጠርም። ከድካሙ ለመገላገል መፈለግና ዕውቀቱ እንዳይጠፋ መፈለግ አይጣረሱም፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የእኛ ኃላፊነት ነው።

ከዚህ በመነሣት ለፋኩልቲያችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከካዛንቺስ የተዛወሩ ጠማቂዎችን ቃል በድምፅና በምስል እንመዝግብ፤ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን ከማን እንደተማሩ፣ ለማን እንደሸጡ፣ በገንዘቡ ምን እንዳደረጉ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከኬሚስትሪና ከማይክሮባዮሎጂ ክፍሎች ጋር ሆነን ከአሮጌ ጋኖች ናሙና እንውሰድ፤ ጋኑ ከተሰበረ በኋላ የሚነበብ ነገር አይኖርም። ሦስተኛ፣ አዲስ ሰፈር ሲነደፍ ከማኅበራዊ ታሪክ የሚመጣ አንድ ቀላል ጥያቄ በጠረጴዛው ላይ እንዲቀመጥ እንሞግት፦ በዚህ ግቢ ለሦስት ሳምንት የሚቀመጥ ዕቃ የት ይቀመጣል?

ተማሪዎቼ፣ የመመረቂያ ርእስ ስትፈልጉ ወደ ቤተ መዛግብት ከመሄዳችሁ በፊት እናታችሁን ወይም አያታችሁን «ጥንስሱን እንዴት ታውቂዋለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲደርስ በምን ያውቁታል? በሽታው? በድምፁ? ወይስ በጣታቸው? የሚመልሱላችሁን ቃል እንደ ሰነድ ጻፉት፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናገረችውን ሰው ስም በፈቃዷ አስፍሩበት። የወዳጄ እናት በሚቀጥለው ወር ለማኅበራቸው ይጠነስሳሉ፤ ጌሾ ለመውቀጥ ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ ካለ፣ ከንግግሩ በኋላ ስሙን ይስጠኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።